በቤታችሁ ድንገት የሞተ ሰው አለ?

ስለ ሕመም ማውራት አይሆንልኝም። ፒያሳ ውስጥ «አሞኛል» ብትሉ የሚያዳምጣችሁ አታገኙም፤ ሁሉም የራሱን ሕመም ይዞ ተራ እየጠበቀ ነው። እናንተ «ጀርባዬን» ስትሉ እሱ «እኔንስ አትጠይቁኝ፣ ወገቤን» ይልና ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ይህን የምጽፈው ሐኪሜ ስለለመነችኝ ነው። «እኛ ስንናገር የሚሰማን የለም፤ እርስዎ ይንገሩልን» አለችኝ። ላዳነ ሰው እንቢ አይባልም። አሁንም ቶሎ ስለሚደክመኝ እያረፍኩ ነው የጻፍኩት።

ሰብለ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ፒያሳ፣ አንድ የቆየ ኬክ ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ከባንኮኒው ጀርባ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ስለምቀመጥ ማኪያቶ የጠጣ ሁሉ እኔን ሳያይ አይወጣም። ቤታችን እሪ በከንቱ ነው። ግማሹ ሰፈር ፈርሶ ጎረቤቱ ወደየኮንዶሚኒየሙ ቢበተንም የእኛ ረድፍ እስካሁን አለ። የምኖረው ከባለቤቴ ከመኮንን፣ ከልጄ ከማርታና ከእናቴ ጋር ነው።

የጀመረኝ በሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል ነው። ሕመም ለማለት እንኳ አይበቃም ነበር፤ አንድ ሰው አውራ ጣቱን ጀርባዬ ላይ አሳርፎ እዚያው እንደረሳው ዓይነት ነገር ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው በአንድ ድምፅ «ብርድ ነው» አሉ። የእኛ ሰው ሁለት በሽታ ነው የሚያውቀው፣ ብርድና ጨጓራ። ከደረት በላይ ያመመው ብርድ መትቶታል፣ ከደረት በታች ያመመው ጨጓራ አለበት። የእኔ መሀል ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ታከምኩ።

መጀመሪያ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ አንድ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። «ጅማትሽ ተሳስሯል» ብሎ በቅባት እያሸ ጀርባዬን በክርኑ ተጫነኝ። ለሁለት ቀን የተሻለኝ መሰለኝና ተመልሼ ሄድኩ። በኋላ ይህን ለሐኪሟ ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» ብሎ ክኒን ሰጠኝ፤ ክኒኑ ራሱ ጨጓራዬን አቃጠለው። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ዕድሜዬን ጠይቆ «ማረጥ ነው፣ ጭንቀትም አለሽ» አለኝ። ጭንቀቱ ልክ ነበር። ደሜ ከፍ ማለቱን ሁሉም ለክተው አይተዋል፤ «ጨው ቀንሺ» ከማለት ያለፈ ግን የተናገረ አልነበረም።

ያስደነገጠኝ ዳገቱ ነው። ድሮ ከፖስታ ቤት እስከ ማዘጋጃ ድረስ የቸርችልን ዳገት ወሬ እያወራሁ ነበር የምወጣው። አንድ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። የሱቅ መስኮት የማይ መስዬ ቆምኩ። እንደገና ትንሽ ተራምጄ ሌላ መስኮት አየሁ። የወንድ ጫማ የሚሸጥበት ሱቅ ፊት ለፊት ብዙ ስለቆየሁ ባለሱቁ ወጥቶ «እናቴ፣ ቁጥር ስንት ልስጥሽ?» አለኝ። ሳቅኩለት፤ ስስቅ ደግሞ ጀርባዬ ወጋኝ። ያን ቀን ማታ ለመኮንን ብርድ እንዳልሆነ ነገርኩት።

በሰው በሰው ተጠይቆ ወደ አንዲት ወጣት ሐኪም ተላክሁ። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ያን ያህል ያዳመጠኝ ሰው ስላልነበረ እንባዬ መጣ። «አንድ ድምፅ አለ» አለች። የልብ አልትራሳውንድ አዘዘችልኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሲቲ ስካን። ውጤቱ ሲመጣ መኮንንንም አስገብታ አስቀመጠችን።

«አኦርታ የሚባለው ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ቧንቧ ነው» አለች። «የእርስዎ ከልብ እንደወጣ ያለው ክፍል ተለጥጧል። የብስክሌት ጎማ ውስጥ ያለውን ካላማዳሪ ያውቃሉ? አንድ ቦታ ሲሳሳ እዚያ ያብጣል አይደል?»

«ካላማዳሪው ካበጠ በኋላ ምን ይሆናል?» አለ መኮንን። በልጅነቱ ብስክሌት ሲያከራይ የኖረ ሰው ነው፤ መልሱን ያውቀዋል። እሷም ማወቁን ስላየች አልመለሰችለትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ያለፈ ነው። የልብ ክፍሉ ያለው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሰው የሚመጣው ከየክፍለ ሀገሩ ነው። በሽተኛው ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ወንበሩ ላይ ሻርፑን ወይም የውኃ ጠርሙሱን ያስቀምጥና ውጭ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ጠርሙስ ያለበት ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። ብዙ ጊዜ የተሰለፉት ጠርሙሶች ከሰዎቹ የበለጠ ጤነኛ ይመስሉኝ ነበር። ከቡታጅራ የመጣችውን ዘይነባን ያወቅኋት እዚያ ነው። የልቧ በር ተበላሽቶ መቀየር ነበረበት። እኔን የምታክል ሴት ናት፣ ቆሎ ከኪሷ አይጠፋም። «ብይ፣ ልብሽን ሲከፍቱት ባዶ ሆኖ እንዳያገኙት» ትለኛለች።

ሐኪሟ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቀችኝ። ሲጋራ? የለም። ስኳር? የለም። ከዚያ «በቤታችሁ ድንገት የሞተ ሰው አለ? አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እኅት?» አለች።

«ተመስገን፣ የለም» አልኳት። «አባቴ አርጅቶ በሳንባ ምች ነው የሞተው። አንድ ወንድም ነበረኝ፣ ግርማ የሚባል፤ እሱም በጉበት ነው፣ ሁለት ሳምንት ታሞ።»

«እሺ» አለችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ሐኪሞቹ ተሰብስበው ጉዳዬን አዩትና ስፋቱ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልግበት ልክ ጥቂት ስለሚያንስ መጠበቁ ይሻላል አሉ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከባድ ነው፤ ደረት ይከፈታል፣ ልብ ይቆማል። ስለዚህ የደም ግፊቱን በክኒን ዝቅ እያደረግን በየስድስት ወሩ እናየዋለን አሉኝ። የጀርባ ሕመሙም ከዚህ ይሁን ከወንበሩ ገና አልለየም። ደስ አለኝ። መኮንን እኔ ከምሠራበት ኬክ ቤት ኬክ ገዝቶልኝ ገባ። ሰው ሲደሰት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። ከባድ አታንሺ፣ ሽንት ቤት ተቀምጠሽ አታምጪ፣ አትናደጂ፣ አትደንግጪ ተብያለሁ። ፒያሳ ተቀምጦ አለመናደድን ማን ይችለዋል? ቤቱ በሙሉ በሹክሹክታ የሚያወራ ሆነ። እናቴ ዜና ሲጀምር ሬዲዮኑን ታጠፋዋለች። ማርታ ስትመጣ ከሩቅ ስታስል እሰማታለሁ፤ በር አንኳኩታ እንዳታስደነግጠኝ ነው። ባሌ ሳስነጥስ ቀና ብሎ ያየኛል። ሲተኙ ደግሞ የእኔ ጊዜ ይጀምራል። ጆሮዬ ትራስ ላይ ሲያርፍ የልቤ ምት ይሰማኛል፣ አንዱ ምት ሲዘገይ ይኸው ፈነዳ እላለሁ። መኮንንን እንዳልቀሰቅሰው እፈራለሁ፤ ሳልቀሰቅሰው ብሞት ደግሞ እንዴት እንደሚጸጸት አስባለሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያደከመኝ ይህ ነው።

መታመሜን ሰምታ ብርቱካን ከጎንደር መጣች። የሟች ወንድሜ የግርማ ሚስት ናት። ልታስታምመኝ ነው የመጣችው፣ እንደመጣች ማጀቱን ተረከበችን። አንድ ጠዋት እናቴ ጊዮርጊስ ሄዳ፣ መኮንንም ሥራ ገብቶ፣ እኔና ብርቱካን ብቻ ነበርን። እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። እኔ ወሬ ለማሳመር ያህል የሐኪሟን ጥያቄዎች እነግራታለሁ።

«ድንገት የሞተ አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት፤ ወንድሜም በጉበት ነው አልኳት።»

ቢላዋው ቆመ።

«ምንድን ነው ያልሻት?»

«በጉበት።»

ብርቱካን እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። «ሰብልዬ፣ እንዳትደነግጪ» አለችኝ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ነገሩን የሚጀምርልኝ በዚህ ስለነበረ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። «ግርማ በጉበት አልሞተም።»

የነገረችኝ ይህ ነው። ከገበያ ሲመለሱ ግርማ «ደረቴ ተቀደደ» አለ። «ወደ ጀርባዬ ሄደ» ብሎ እጁን ከደረቱ አንስቶ ወደ ጀርባው ሊወስድ ሞከረ፣ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ባጃጅ አስቁመው ሆስፒታል ሲያደርሱት ነፍሱ የለችም። በማግስቱ ቀበሩት። ታሞ አያውቅም። ያን ማለዳ ተማሪዎቹን ፈትኖ ነበር የወጣው።

«ጉበቱስ ከየት መጣ?»

«ጋሽ ወርቁ ናቸዋ» አለች። ጋሽ ወርቁ የእናቴ ወንድም ናቸው፣ እሳቸውም ዛሬ የሉም። «ስልክ ደወልኩላቸው። ‹ይህን በአንዴ ብንነግራት እኅቴን እንገድላታለን። መጀመሪያ አመመው እንበል› አሉኝ። ምን አሞት እንበል ስላቸው ጉበት አሉ። እኔ ምን አቅም ነበረኝ? እሺ አልኩ።»

መርዶ እንዲህ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። የሞተው ሰው በቀጥታ አይሞትም። መጀመሪያ «ትንሽ አመም አድርጎታል» ይባላል፣ ቀጥሎ «ሐኪም ቤት ገባ»፣ ቀጥሎ «ጸልዩለት»። ሰሚው ለሐዘን እየተዘጋጀ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ገና ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ በር ያንኳኳሉ። ለእኛም እንዲሁ ነበር የሆነው። እኔ ከእናቴ ጋር ስለምኖር ፊቴ ያሳብቅብኛል ብለው ለእኔም አልነገሩኝም። ያኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይማር ለነበረው ለልጁ ለናትናኤልም ፈተና ላይ ነው ተብሎ ተደበቀ። ካለቀስን በኋላ፣ ቀብሩ ላይ የነበሩት የጎንደር ጎረቤቶች እንኳ ሳይቀሩ፣ ማንም ተመልሶ «ጉበቱ ውሸት ነበር» ያለ የለም። ማን ይላል? የተዋሸልን ለፍቅር ነው። ውሸቱም ከእኛ ጋር ኖረ፣ እኛም እውነት ነው ብለን ለሐኪም ነገርን።

«እማዬ በዚያ ሰሞን ጸበል ልካልሽ ነበር» አልኳት። በአውቶቡስ ነው የላከችው፣ በቢጫ ጀሪካን፤ ራሴ ነኝ መናኸሪያ ያደረስኩት። «ምን አደረግሽው?»

«መቃብሩ ላይ አፈሰስኩት» አለች።

እንዳልናደድ ተከልክያለሁ። ስለዚህ ወንበሬ ላይ ሆኜ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። ብርቱካን ታለቅሳለች፤ በሽንኩርቱ ይሁን በነገሩ አይለይም። ላጽናናት አልፈለግሁም፣ ግን አጽናናኋት።

በማግስቱ ይዣት ሆስፒታል ሄድኩ። ቀጠሮ ስላልነበረን በር ላይ ብዙ ተጉላላን። ሐኪሟ ግርማን ስትሰማ ወንበሯን ወደ ብርቱካን አዞረች። «ሲያመው ያለውን ቃል በቃል ይንገሩኝ» አለቻት። ብርቱካንም ነገረቻት፤ ደረቴ ተቀደደ አለ፣ ከዚያ ወደ ጀርባዬ ሄደ አለ። ሐኪሟ ወጥታ ቀዶ ሐኪሙን ይዛው ተመለሰች። ረጅም፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። እሱም ብርቱካንን እንደገና አስነገራት።

«አስከሬኑ ስላልተመረመረ መቶ በመቶ አልልም» አለ። «ግን አኦርታ ሲቀደድ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ይህ በሽታ በቤተሰብ ይሄዳል። ወንድም እንደዚህ ከሞተ ልኩ ይቀየራል፤ ሌላው ላይ የምንጠብቀውን ያህል እርስዎ ላይ አንጠብቅም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ለምን አልነገሩንም?» አለኝ።

ምን ልበለው? መርዶን ለቀዶ ሐኪም በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አቃተኝ። «አልተነገረኝም» ብቻ አልኩት።

ቀዶ ሕክምናው እንዲደረግ ተወሰነ። ስለ ወጪው ብዙ አላወራም፤ ያየው ያውቀዋል። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። እድሩም፣ የኬክ ቤቱ ባለቤትም፣ የመኮንን መሥሪያ ቤትም ረዱን። የማላውቃቸው ደንበኞች «የባንኮኒዋ ሴትዮ» ብለው አዋጥተዋል። ስሜን እንኳ አያውቁም።

ከመግባቴ በፊት በነበረው እሑድ ቤተሰቡን ሰብስቤ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ጠረጴዛው ላይ ከቀረሁ የዚያኑ ቀን ለሁሉም ሰው ንገሩ። ታማለች፣ ብሶባታል አትበሉ። ደም ሥሯ ነው በሉ፣ እንደ ወንድሟ ነው በሉ።»

«አሁን ይህ ይወራል?» አለ መኮንን።

«ማልልኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰዎቹ ሊያድኑሽ ነው እኮ የሚወስዱሽ።»

«ማልልኝ አልኩህ።»

ማለልኝ። ፊቱን ግን ለብዙ ሰዓት ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እኔም በዚያ ሁኔታ ትቼው መሄዴ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የማውቀው የነገሩኝን ነው። የደረት አጥንቴን በመጋዝ ከፈቱ፣ ልቤን አቆሙ፣ ደሜን በማሽን አዞሩ፣ ያበጠውን ቆርጠው በቦታው ከጠንካራ ጨርቅ የተሠራ ቧንቧ ሰፉበት። አዎ፣ ጨርቅ ነው። ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ነበረ፣ እጄ ታስሯል፣ ውኃ ጥም ከደረቴ የባሰ ያቃጥለኛል። መናገር አልችልም። አንዲት ሲስተር እርጥብ ፋሻ ከንፈሬ ላይ አደረገችልኝ። ጠብታ ናት፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ውኃ አልጠጣሁም። ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ «ጥሩ ነው» አለ። ለመሄድ ከተነሳ በኋላ ተመልሶ «ግድግዳው በጣም ስስ ነበር፤ ስድስት ወር አይጠብቀንም ነበር» አለኝ።

ወደ መደበኛው ክፍል ስወጣ ዘይነባ ከጎኔ አልጋ ተሰጣት። ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ ስስል «ልጅሽን አባብይው» እያለች ትስቅብኝ ነበር፤ ደረቱ የተከፈተ ሰው ሲያስል ትራስ ካላቀፈ የተሰፋው የተፈታ ይመስለዋል። ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ። ሲወስዷት ቆሎዋን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን አልጋዋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጠፈ።

ሲስተሯን «ዘይነባስ?» አልኳት።

«ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች።»

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። የጋሽ ወርቁ ድምፅ ነው። «ሲስተር፣ እኔ መርዶ ተከፋፍሎ እንዲነገረኝ አልፈልግም» አልኳት። «ሞታ ከሆነ ሞተች በዪኝ።»

ልጅቷ ዙሪያውን አየች፣ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ትናንት አረፈች» አለችኝ። ትራሴን አቅፌ አለቀስኩ። ደረት ከተከፈተ በኋላ ማልቀስም እንደ ሳል ያማል። ግን ስለ ነገረችኝ አመሰገንኳት፤ ብትዋሸኝ ኖሮ ዘይነባን የትኛው ክፍል እንደምፈልጋት እያሰብኩ ነበር የምከርመው።

ቤት ከገባሁ በኋላ ያለውን ድካም የሚነግራችሁ የለም፣ እኔ ልንገራችሁ። ሰው «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብሎ ሄዶ እናንተ ፀጉራችሁን ለማበጠር እጃችሁን ማንሳት አትችሉም። ያለ ምክንያት ታለቅሳላችሁ። ባሌ እንደ ሕፃን እያጠበ ልብስ አለበሰኝ፤ ስቆጣው ይስቃል። ክኒን በሰዓቱ መዋጥ አለባችሁ፣ በጾም እንኳ ከቅዳሴ በኋላ ይደርሳል አይባልም። ግፊታችሁን ተለኩ። ደረታችሁንና ጀርባችሁን ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲያማችሁ ለወጌሻ አትስጡ። ለመምከር አቅም የለኝም እንጂ ሌላም ነበረኝ።

አንድ ነገር ቀረ። ሐኪሟ የቅርብ ዘመዶቻችን ሁሉ በአልትራሳውንድ እንዲታዩ አዘዘች። የማርታ ደኅና ሆነ። የግርማ ልጅ ናትናኤልስ? ዛሬ እዚሁ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ይሠራል፣ አባቱ በጉበት እንደሞተ ነው የሚያውቀው። ልብህን ታይ ብንለው ለምን አይልም? ሰው ማስጨነቅ ስለሰለቸኝ መጨረሻውን አስቀድሜ ልናገር፤ ታይቷል። የእሱም ጥቂት ሰፋ ብሏል፣ ለአሁኑ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ክኒን ይወስዳል፣ በየዓመቱ ይታያል፣ ከባድ ነገር አያነሳም። ይህን ሳናውቅ ቢቀር ኖሮ ብዬ ማሰብ ራሱ አሁንም ያመኛል።

ለእናቴ አስቀድሜ እኔው ነገርኳት። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ለተቀበረ ሰው ስታስጸልዩኝ ነበር?» አለች። ከዚያ ወዲያ ብርቱካን ያቀረበችውን ምግብ ለቀናት አልበላችም። ልክ ናት ወይም ልክ አይደለችም ለማለት እኔ ማን ነኝ?

ለናትናኤል የሚነገርበት ቀን ሲደርስ ብርቱካን ፈራች። «ይጠላኛል» አለች። ሽማግሌ እንጥራ፣ ገና ሲነጋጋ ይነገረው አለች። እኔ ግን ሽማግሌ ጠልቼ ነበር። ቅዳሜ ምሳ ጠራሁት። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። እስኪበላ ጠበቅሁት፤ ይህን እንኳ ከልማዱ መተው አልቻልኩም። እጁን ሲታጠብ «ናቲ፣ አባትህ በጉበት አልሞተም» አልኩት። የቀረውን ብርቱካን ነገረችው፣ ከገበያው እስከ ባጃጁ፣ መሬት መሬት እያየች።

ልጁ ፎጣውን እንደያዘ ቆመ። ስለ በሽታው ይጠይቃል ብዬ ሐኪሟ የነገረችኝን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«ሁለት ሳምንት አልተኛም?» አለ።

«አንድ ቀንም አልተኛም» አለችው እናቱ።

«እኔ እኮ...» ብሎ አቆመ። ተቀመጠ። «እኔ እኮ ሁለት ሳምንት ታሞ ተኝቶ አንድ ቀን እንኳ አልደወለልኝም እያልኩ ነው የኖርኩት። ስልኬ ክፍት ነበር። ልጄን ጥሩልኝ ሳይል ነው የሞተው፣ ምን በድዬው ነው እያልኩ።» ወደ እኔ ዞረ። «አክስቴ፣ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው።»

«አላገኘም፣ ልጄ» አልኩት።

ያኔ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፣ የባንክ ሠራተኛ ከረባት ያሰረ፤ እንደዚያ ሲያለቅስ በአባቱ መርዶ ቀን እንኳ አላየሁትም። ያን ቀን ደረቅ ዓይኑን ይዞ ጥግ ቆሞ ነበር፣ ጨካኝ ነው ብለን አምተነዋል። ብርቱካን እላዩ ላይ ወድቃ አብራ ትጮኻለች። እኔ ትራሴን ፈለግሁ፣ አጠገቤ አልነበረም፤ በሁለት እጄ ደረቴን ይዤ አለቀስኩ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ጽጌ ናቸው፣ ከጎናችን የቀሩት ጎረቤት፣ ነጠላቸውን እየጎተቱ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ግርማ» አልኳቸው።

እትዬ ጽጌ የግርማን ተዝካር ወጥ የሠሩ ሴት ናቸው። እኔን አዩኝ፣ ልጁን አዩት። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁና ከናትናኤል አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ «እህህ፣ የኔ ልጅ፣ አባትህን» እያሉ አብረውት ማልቀስ ጀመሩ።